የተሰፋው እጅጌ

ሸሽተው ካመለጡት ሰው ዝናብ ያገናኛል። ወይዘሮ ደስታነሽ የልጅ ልጃቸውን ዲቦራን ከሕፃናት ትምህርት ቤት የተቀበሉት ከዘበኛው እጅ ነበር፤ መምህሯን ላለማግኘት ብለው። ሁሉቃ ድልድይ ሳይደርሱ ግን የአምቦ ዝናብ ወረደባቸውና ከአንድ ወፍጮ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ራሷ ላይ ደፍታ እየሮጠች መጣች። የዲቦራ መምህር ሃዊ ነበረች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ደስታነሽ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፣ ጎንበስ ብላ።

«ፋያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።»

«ይምጡ ብዬ መልእክት ብልክ ብልክ ጠፉብኝ እኮ።»

«ጉልበቴ ነው፤ አላስኬድ ብሎኝ» አሉ። ጉልበታቸው ደህና ነበር።

ሃዊ ቁጢጥ ብላ የዲቦራን ሹራብ ግራ እጅጌ ያዘች። ጫፉ በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል፤ የልጅቷ እጅ ከውስጥ ይንፈራገጣል።

«በመቀስ ልፈታው ብዬ ነበር፤ የትልቅ ሰው ስፌት መሆኑን ሳይ ግን ሳልጠይቅ መቅደዱን ፈራሁ።»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ፣ ቀና ብለው። «እናቷ ለሥራ ጌዶ ናት፤ ልጅቷን አደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በግራዋ ስትቆርስ፣ ለእንግዳ በግራዋ ስትዘረጋ ያየ ሰው አሳዳጊ የበደላት ነው የሚላት። ቀኟ እንዲለምድ ብዬ ነው።»

«ስለ ማዕዱና ስለ ሰላምታው እውነትዎን ነው፤ እኔም ምሳ ሲበሉ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። እርሳስ ግን ማዕድ አይደለም፣ እማማ። ልጅ የሚጽፍበትን እጅ መርጦ አይመጣም፤ እንደ መልኩና እንደ ቁመቱ ከፈጣሪው ይዞት ይወለዳል።»

«እንጨት የሚቃናው እርጥብ ሳለ ነው ይባላል።»

«የሚቃናውማ የጠመመው ነው። ዲቦራ ምኗ ጠመመ?»

ወይዘሮ ደስታነሽ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን እጅጌ ሲሰፉ የልጅቷ ቆዳ እንዳይወጋ ጣታቸውን ከሥር አድርገው ነበር። በኛ አገር ልጅ በጠላት እጅ ብቻ አይጎዳም፤ በሚሳሱለትም ሰዎች ይጎዳል፤ እንዲህ ያለው ጉዳት ደግሞ ቶሎ አይታይም።

«በቆርኪ ስንቆጥር ሁሉንም ትቀድም ነበር» አለች ሃዊ። «ሰሌዳው ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ያገኘችው ላይ ትስል ነበር። አሁን ቆርኪውን በአንድ እጇ መሰብሰብ ሲያቅታት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ዛሬማ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሽንት ቤት ገብታ ሱሪዋን በአንድ እጇ ማውረድ አቃታት፤ አመለጣት። ልጆቹ ሳቁባት። ቅያሪ አለበስኳት፤ እሷ ግን ‹ነገ አልመጣም› ብላኛለች።»

አያትየዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ። የለበሰችው ሱሪ የራሷ አለመሆኑን ያስተዋሉት ገና ያን ጊዜ ነው።

«አባቷንም ያቃናሁት በዚሁ ስፌት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ወሰኑም ግራኝ ነበር።»

«የክፍላችንን ትንንሽ ወንበሮች የጠገኑልን ኦቦ ወሰኑ ናቸው። መዶሻውን በየትኛው እጃቸው ነው የሚይዙት፣ እማማ?»

ልጃቸው አናጺ ነው፤ መዶሻውን በግራው፣ መጋዙን በግራው እንደሚይዝ ሁልጊዜ ያያሉ። በቀኙ የሚይዘው እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲገደድ። ፊደሉ እየተንጋደደበት ሲያለቅስ፣ የዚያን ዘመን መምህሩ ጣቶቹን በማስመሪያ ሲመቱት፣ ኋላም ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ ሲወጣ ትዝ አላቸው። «ጭንቅላቱ ለትምህርት አልተፈጠረም» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ የኖሩት ራሳቸው ነበሩ።

«ታዲያ ልጄን ያሰናከልኩት እኔ ነኝ?»

ሃዊ መዋሸትም መጨከንም አልፈለገችም። «በዚህ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ያኔ መምህራኑም የሚያውቁት ያንኑ ነበር። አሁን ግን አውቀናል፤ አውቆ መድገሙ ነው ነውሩ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ስፌቱን አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። የዲቦራ እጅ በላብ ረጥቦ ወጣ። ሳሙትና «ነገ ትምህርት ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ» አሏት። ልጅቷ እጇን ከፍታ ዘጋች፤ ከዚያ ለዝናቡ ዘረጋችው።

ያ የተፈታ ክር ብዙ ነገር ፈታ። ዲቦራ ወደ ቆርኪዋም ወደ ሥዕሏም ተመለሰች፤ በቀኟ እየጎረሰች፣ በቀኟ ሰላምታ እየሰጠች፣ በግራዋ መጻፍ ያዘች። ያም ያም አብሮ እንደሚኖር ያየው ጎረቤት መገሠጹን ተወ። ወይዘሮዋም በየዕድሩ ልጅ ያለው ሲያገኙ ዝም አይሉም፤ የታሰረ እጅ ጨዋነትን አይማርም፣ የሚማረው ማፈርን ነው፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም፣ ያልጠየቀም አይማርም ይላሉ። እውነት ነው። የፈሰሰው ውሃ ግን አይታፈስም፤ እሳቸውም ይህን የተረዱት በዓመቱ መጨረሻ፣ በወላጆች ቀን ነው።

የልጆቹ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሃዊ እያንዳንዱ ወላጅ ከልጁ ሥዕል ሥር የልጁን ስም እንዲጽፍ ጠየቀች። ዲቦራ አባቷ የጠገነውን ወንበር ነበር የሳለችው። እርሳሱን አነሳችና «እንካ አባዬ» አለችው።

የወሰኑ ግራ እጅ ቀድሞ ተዘረጋ። መንገድ ላይ ቆመ፤ ሰው የመታው ይመስል ተመልሶ ኪስ ገባ። እርሳሱን በቀኙ ተቀበለ።

«በግራህ ያዘው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ ከኋላው። «በድዬሃለሁ። በግራህ ጻፍ።»

ወሰኑ ዞሮ አያቸው። ቂም አልነበረበትም፤ ለእሳቸው ግን ከቂም ያ ባሰባቸው።

«ለምዶብኛል እማዬ» አለ፤ አጎንብሶም የልጁን ስም በቀኝ እጁ፣ ተንጋዶ፣ ቀስ እያለ ጻፈ።