አንድ ውሃ የጠጡ ልጆች

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ቆላ የተሰደደው ሕዝብ ሱዳን ገብቶ ኡም ራኩባ በሚባል የስደተኞች ጣቢያ ሰፍሮ ሳለ፣ እኔ በሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንድ ረፋድ የውሃ ቦቴው የሚቆምበት ቦታ ስደርስ አያ ጋረደውና ሸጊቱ ድንገት ተገናኝተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አያ ጋረደው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እምቢ ያሉትን ሌላው እሺ አይልም። ሸጊቱ ደግሞ በክሊኒኩ ነርስ ሆና ብዙ ሕፃናት ያተረፈች፣ በኋላ ሥራዋን ትታ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ካርቱም የወረደች ወጣት ናት። አሁን የመመረቂያ ጥናቷን ልትሠራ ተመልሳለች።

«ልጄ፣ ባትቀየሚኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሏት አያ ጋረደው።

«ይጠይቁኝ እንጂ አባቴ።»

«እኛ ሕፃን እየቀበርን፣ አንች መድኃኒቱን ጥለሽ ትምህርት መሄድሽ ምን ይባላል? አሁን ደግሞ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች እየዞርሽ ትጠይቂያለሽ አሉ። ቁስላቸውን መነካካት አይሆንም?»

ሸጊቱ እንዲህ አለች፦ «ስሄድ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ተቅማጥ የያዘውን ልጅ አድኜ እሰደዋለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ልጅ ታሞ ይመጣል። የጎረቤቱ ልጅ ደህና ነው። ሁለቱም የሚጠጡት ከዚሁ ቦቴ ነው። ታዲያ ለምን አንዱ ብቻ? ክሊኒክ ስውል ይህን የማጣራበት ጊዜም ብልሃትም አልነበረኝም። የሄድሁት እሱን ልማር ነው።»

«የሚያሳምመውም የሚያድነውም እግዜር ነው።»

«አሜን። እሱ በሰጠን ዓይን ብናይበት ግን የሚከፋው አይመስለኝም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እሺ፣ ምን አየሽ?»

«ገና አላረጋገጥሁም። ውሃውን በዚር፣ በዚያ አፈ ሰፊ የሸክላ ማሰሮ አስቀምጠው በጣሳ እየጨለፉ የሚጠጡ ቤቶች ልጆቻቸው ይበልጥ የሚታመሙ ይመስለኛል። ከአፈ ጠባብ ጀሪካን እየቀዱ የሚጠጡት ያንሳሉ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ቤት ውስጥ በእጅ ይበከል ይሆን እላለሁ።»

«ጀሪካን ያለው እኮ ሻል ያለው ሰው ነው። ልጁ በልቶ ስለሚያድር እንደሆነስ?»

የሸጊቱ ፊት በራ። «እኔንም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው! ስለዚህ ኑሯቸው እኩል የሆነውን፣ የእርዳታ ራሽን ብቻ የሚበሉትን ቤቶች እርስ በርስ ማስተያየት አለብኝ። እናቶች ካልነገሩኝ ደግሞ ግምቴ ግምት ሆኖ ይቀራል። ያልፈለገችን አላስገድድም።»

እኔ የተማረ ሰው ክርክር ለመርታት ሲቸኩል ብዙ አይቻለሁ። ይህች ልጅ ግን የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ደስ አለኝ።

አያ ጋረደው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «የውባየሁ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ሉሉ፣ በጥር ሞተብኝ። ከዚሩ እየጨለፍሁ የማጠጣው እኔ ነበርሁ። እኔ ገደልሁት ነው የምትይኝ?»

«አይደለም አባቴ! ማንም ያልነገረዎትን እንዴት ያውቃሉ? ሉሉን ምን እንደገደለው በእርግጥ ልነግርዎ አልችልም። ገና ያልታመሙትን ግን ልናተርፍ እንችል ይሆናል።»

አያ ጋረደው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ያን ቀን ነገሩ ያበቃለት መስሎን ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሰፈርተኛውን ቤተ ክርስቲያን ካደረግነው ዳስ ጥላ ሥር ሰበሰቡና ሸጊቱን አስጠርተው ከፊቷ ተቀመጡ።

«መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ» አሉ።

ስለ ሉሉ የጠየቀቻቸውን ሁሉ እያለቀሱ መለሱ። ቀጥላ ልጃቸው ውባየሁ ተናገረች፤ ከዚያ ሌሎቹ እናቶች ተራ በተራ መጡ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ታወቀ። ራሽን ብቻ በሚበሉት መካከል እንኳ ከዚር የሚጨልፉት ቤቶች ልጆች ይበልጥ ይታመሙ ነበር። በዚህ ምክንያት አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለው የውሃ መያዣ ለየቤቱ ታደለ፤ ሳሙናም ተጨመረ። በክረምቱ ተቅማጥ ጠፋ አልልም፤ ግን ክሊኒኩ ደጃፍ የሚተኙት ሕፃናት በጣም ቀነሱ። መርፌ የታመመውን ያድናል፤ ጥናት ግን ሊታመም የነበረውን ሳይታመም ያስቀረዋል።

ሸጊቱ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትነሣ አያ ጋረደው እስከ ሎሪው ሸኟት።

«ወደ ክሊኒክሽ ተመለሽ አልልሽም» አሏት። «ግን ኩፍኝ ሁልጊዜ አዲስ መጤዎች ከሚያርፉበት ዳር የሚነሣው ለምን ይመስልሻል? እኔ ሳስበው ከረምሁ፤ አልገባኝም።»

ሸጊቱ አንድ እግሯን ሎሪው ላይ እንዳደረገች ቆማ ትጠይቃቸው ጀመር።