እትዬ አንሶላና የተራራው አመድ

አመዱን ችላችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ እዚህ ድረስ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ አንሶላ እያለ ይጠራቸው የነበሩትን የታላቅ እኅቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛል። ሳል ቢያቋርጠኝ ታገሡኝ።

እትዬ አንሶላ ከግንበኛው አባታቸውና አትክልት ቸርቻሪ ከነበሩት እናታቸው በዚሁ በተራራው ግርጌ ተወለዱ። ተራራው በዚያን ጊዜ ጭስ እንኳ አልነበረውም፤ እኛ ልጆቹ ሱሪያችን እስኪቀደድ የምንንሸራተትበት ቦታ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው በንባባቸው የሚመሰገኑ ተማሪ ሆነው ሳለ፣ ተራራው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንድቶ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ዝናብ በጠጣው አመድ ክብደት ስለተደረመሰ ትምህርታቸው ተቋረጠ። ጣሪያው እስኪሠራ እሳቸው ሥራ ይዘው ነበር።

የተቀጠሩትም በክሊኒካችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አዲስ የሚቀጠር ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ አመድ የጠገበውን አንሶላ እንዳለ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ያን ጊዜ አመዱ እንደ ሲሚንቶ ይያያዝና ሲያሹት ጨርቁን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ስለዚህ አንሶላው አስቀድሞ በደረቁ መራገፍ አለበት፤ ደጅ እንዳይራገፍ ደጁ ራሱ አመድ ስለሆነ፣ በር ተዘግቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይራገፋል፤ የሚያራግፈውም ሰው ያንኑ አመድ ሲስብ ይውላል። አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች ጡት የሚያጠቡ እናቶች ስለነበሩ፣ እትዬ አንሶላ እነሱን አስወጥተው፣ አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ አስረው፣ ብቻቸውን ያራግፉ ነበር። ሲወጡ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ስናይ፣ አያታችን መጡ እያልን እንስቅባቸው ነበር።

የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው አመድ የለበሰውን የአውቶቡስ መስታወት በጨርቅ ሊወለውሉ በተነሡ ቁጥር፣ ትቧጭረዋለህ ብለው ጨርቁን የሚቀሟቸው እሳቸው ነበሩ። በቤታቸው የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ይወተፋል፣ ድስቱ ይከደናል፣ ብርጭቆው ይደፋል፤ ጠዋት ይጠረጋል፣ ከሰዓት ይጠረጋል፣ በማግሥቱም እንደ አዲስ ይጀመራል። በሬዲዮ በቅርቡ ያባራል የሚሉን ሰዎች አንድም ቀን መጥተው መጥረጊያ አልያዙም። እንዲህ እንዲህ እያልን ዕድሜያችን አለቀ፤ "ደከመን" ማለቱ ራሱ ሰለቸን።

ሳላቸው እየበረታ በሄደ ጊዜ ሐኪሙ ሳንባቸው ክፉኛ መጎዳቱን፣ ከዚህ ርቀው ካልኖሩም ብዙ እንደማይቆዩ ስለነገሯቸው፣ ባለቤታቸው አመድ በማይደርስበት ከተማ ቤት ተከራይተው ወሰዷቸው። እዚያ በኖሩበት ጊዜ ሳላቸው ጋብ ብሎላቸው፣ እንቅልፍም ወስዷቸው ነበር። ተራራው እንደገና መፈንዳቱን በሰሙ ጊዜ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ተነሡ። ባለቤታቸው ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው፣ ሌላ ሾፌር ከሚያመጣቸው ብለው በራሳቸው አውቶቡስ አሳፍረዋቸው፣ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ ከዚህ ደረሱ። ምን ሊሠሩ መጡ ብለን ብንቆጣ፣ "እኔ ካላራገፍኩት እኮ ያቺ በቦታዬ የገባችው አራስ ልታራግፈው ነው" አሉን።

ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ አራገፉ። ከዚያም አልጋ ያዙ፤ ተቀምጠው እንጂ ተጋድመው መተንፈስ አቅቷቸው ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ፣ ትናንት ጠዋት እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

እትዬ አንሶላ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ልጃቸው እናቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ በማጠቢያ ክፍሉ ቦታቸውን ይዛለች። ተይ ብንላት፣ እሷም የእናቷን መልስ መለሰችልን። ዛሬም ለቀብሩ ዘግይታ የደረሰችው በሽተኞቹ አንሶላ ስለሚያስፈልጋቸው ነው፤ ቀድማችሁ መጥታችሁ የታዘባችኋት ካላችሁ ይቅር በሏት።

አምላክ ሆይ፣ የእኅቴን ነፍስ እንደ ልቧ በምትተነፍስበት ቦታ አሳርፍልን። ለልጇ ደግሞ ይህን የመሰለ ወረቀት እንዳነብ አታድርገኝ።