ትንፋሽ ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አለቃችን አቶ አብዱልመናን፣ ስለ ጋቢው አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስጨቀጭቅዎት ኖሬ ዛሬ ሲገላገሉኝ ደስታዎ ከፊትዎ ያስታውቃል።

በሃያ ስድስት ዓመት ነርስነት የሕፃን ንፍጥ ያልነካው ልብስ የለኝም። የውጫሌ ገበያ በዋለ ቁጥር እናቶች የሚያስል ልጅ አዝለው ይመጣሉ፤ ጥያቄው አንድ ነው፣ መርፌ። ቫይረስ ነው፣ መርፌ አያሽለውም፣ ጡት ስጪው፣ በራሱ ይድናል እላለሁ። ማን ይሰማኛል? በኮሮናው ጊዜ ደግሞ ቫይረስ የሚለውን ቃል ገና ከአፌ ሳወጣ ወረፋው ሁሉ ተበተነ። እንደዚያ ቀን ሥራ ቀሎኝ አያውቅም።

በኋላ ግን ያለ መርፌ እሺ ብለው መመለስ ጀመሩ። ትምህርቴ ገባቸው ብዬ ኮራሁ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ጉንፋኑን ከሳንባ ምች ለመለየት የልጁን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆጥር የለ? እኔ ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እነሱ ዱዓ የማደርግ መስሏቸው ኖሯል፤ ስጨርስ አሚን የሚሉት ለዚህ ነው። እኔ የማርያም ማኅበርተኛዋ! አላረምኳቸውም። መርፌውን ካስቀረልኝ ምን ቸገረኝ?

የቸገረኝ ጦርነቱ ሲመጣ ነው። ጤና ጣቢያችን ተዘርፎ፣ ኦክስጅን የለ፣ ሽሮፕ የለ፣ የደሴ መንገድ ተዘግቶ፣ ዙሌይካ የምትባል እናት የሰባት ወር ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ቆጠርኩ። ስልሳ ስምንት፤ በዚህ ዕድሜ ሃምሳ ካለፈ አደጋ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እሷ አሚን አለችና ልጁን አዝላ ልትሄድ ተነሳች።

ደነገጥኩ። እጇን ያዝኩና፣ «ልጄ፣ ቆጥሬ ነው እንጂ ዱዓ አላደረግኩም፤ ልጅሽ ክፉኛ ታሟል» አልኳት። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ትቀየመኛለች ብዬ ስጠብቅ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ደግመው ይቁጠሩ፣ ሲስተር። ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ቤቴ ሰነበተች። አፍንጫውን በጨው ውኃ እናጸዳለን፤ ጡቷን እያለበች በማንኪያ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን፤ እኔ እቆጥራለሁ። ስልሳ ሁለት፣ ሃምሳ አራት። በሦስተኛው ቀን አርባ ሁለት ገባና ጡቷን ነክሶ አስጮኻት። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

እናንተም ስትቆጥሩ ምን እንደምትሠሩ ለእናቲቱ ንገሯት። እኔ የዘገየሁት እሱን ለመናገር ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ አገሩን ሰላም ያድርግላችሁ። በአምባሰል ምድር ሕፃን ልጅን የሚያገኘው ክፉ ነገር ጉንፋን ብቻ ይሁን።