የትልቁ ሞተር ዘንግ

በአረብ አገር፣ ከፉጣ ሰፈር ወደ መንሱራ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሐበሻ ሴት አጠገቧ የተቀመጠውን መካኒክ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ ያቀፍከው ብረት ምንድን ነው?»

«ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ ነው። ከትልቅ ሞተር ፈትቼ ለትንሹ ልገጥመው ነው።»

«ይሆነዋል?»

«ኢንሻአላህ። ሞተሮቹ ወንድማማች ናቸው። በዚህ ዘንግ ፒስተኑ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ ሲሲውም ጉልበቱም ይጨምራል።»

«ለደንበኛ ነው?»

«ለባለቤቴ። ነርስ ናት፤ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ወደ ሥራዋ በራሷ መኪና ትሄድ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ መኪናዋ አልፈጥን እያለቻት፣ ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት፣ ‹እኔ መንዳት አልችልም› ብላ ቁልፉን መለሰችልኝ።»

«ስትነግራት እንዴት ደስ ይላታል።»

«አልነግራትም፣ እህቴ።»

«ለምን?»

«መኪናዋ ሳትሆን እሷ የጎበዘች ይምሰላት።»

ጉበይራ ሰፈር ላይ ወርዶ ጋራዡ እስኪገባ ድረስ በመስኮቱ አየሁት።