የሦስተኛው ምረቃ ጃንጥላ

«ፈርሂያዬ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጊው እስቲ፤ ብርዱ ለጉልበቴ አይሆነኝም። አቀስታን ሳናልፍ እንዲህ የሆነ...»

በአውቶቡሱ ውስጥ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ለፈርሂያ ይህን ከሚሉት ከእትዬ አልታዬ ፊት ባለው ወንበር ላይ ዶክተር አለምነው ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ። ከደሴ የተሳፈረው፣ «ትምህርቴን ስጨርስ እንጋባለን» ብሎ ላስቀመጣት፣ ሀይማኖት ለምትባለው ለእትዬ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ድምጻቸውን ሲሰማ ዞሮ ጉልበታቸውን ሊስም አሰበና ፈራ። ያላዩት መስሎታል፣ የዋህ።

«በጅዳ ገንዘብ የጀመርሽው ቤትስ? ቆርቆሮው ተመታ? ማሻአላህ። አንቺ ምን አለብሽ፣ ሄድሽ፣ ሠራሽ፣ መጣሽ። መከራው የተማረ ሰው ነው... አንድ የማውቀው ልጅ አለ፤ ስሙ ምን ያደርግልሻል። ቃሉን ሲያከብር! ‹ስጨርስ እመጣለሁ› አለ፤ አልጨረሰም፣ አልመጣም። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

«እኔም በተመረቀ ቁጥር ለማርያም ጃንጥላ ላስገባ ተስዬ ነበር። ማስተርሱን ሲይዝ አስገባሁ። ዶክተር ሲሆን ደግሞ ባለ ወርቅማ ዘርፉን። አሁንስ መጣ ስል፣ ለካ ከዶክተር ወዲያም አለ... ፖስት ዶክ። ‹ፌሎሺፕ አግኝቼ ገና ትምህርት ላይ ነኝ› አለን በስልክ። እልል ብዬ ሦስተኛውን ቀድሜ ገዛሁ። ይኸው ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመቱ።

«በቀደም የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር ክንፈን ‹የዚህኛው ምረቃ መቼ ነው?› ብለው ሳቀብኝ። ‹እትዬ፣ ይሄ ትምህርት አይደለም፤ ዶክተሩ በደመወዝ ምርምር የሚሠራበት ነው። ምረቃ የለውም። ሲያልቅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያመለክታል› አለኝ። ትሕትናውን አየሽልኝ? የወረዳችን ካቢኔ በተሾመ ማግስት ከተማውን በላንድክሩዘር ያምሰዋል። እሱ ግን ደመወዝተኛ ሆኖ ተማሪ ነኝ ይላል። ተደብቆ ይበላል... ይሠራል ማለቴ ነው።»

የአለምነው ጆሮ ጋለ። ያኔ በስልክ ሲናገረው ቀላል ነገር መስሎት ነበር፤ ማስረዳቱ ሰልችቶት፣ ጊዜም ሊያገኝበት ፈልጎ። አሁን አፈረ። ዞሮ «እትዬ» ሊል ሲል፣ እሳቸው ድምጻቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጃንጥላው? ቦዝኖማ አይቀርም። እሑድ የልጄ የሀይማኖት ተክሊል አይደል፤ ቀሳውስቱ ከሙሽሮቹ በላይ ይዘረጉታል። የኛ ሙሽራ ያው የወረኢሉ ልጅ ነው፣ ዲፕሎማ ብቻ ነው ያለው... ግን አንዴ ተመርቆ ጨርሷል።

«ያን ልጅ ደግሞ እንዳታሚብኝ። እኔ እንደ ልጄ ነው የማየው። አንቺም ዱዓ አድርጊለት። ማርያም የጀመረውን ታስፈጽመው፤ እንግዳ አገር አታስቀረው፤ እድሜና ጤና ሰጥታ... የልጄን የበኩር ልጅ ክርስትና ለማንሳት ታብቃው።»