ዝም ያለ ጎረቤት ተስማምቷል ወይ?

ሽማግሌው ምዜ አቱማኒ ከዓሣ ገበያ ሲመለሱ፣ እንደ ሰሞኑ ዘንቢላቸውን ሊሰቅሉ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሼብዋና ግንብ ጠጋ አሉ። ግንቡ ላይ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ከተቸነከረ ሰንብቷል። ምን እንደሚል አላነበቡትም፤ ምዜ የዐረብ ፊደል እንጂ የፈረንጁን አይቆጥሩም። አንዱ ምስማር ግን ወጣ ብሎ ስለተመታ ላባቸውን እስኪጠርጉ ለዘንቢል መስቀያ ተመችቷቸው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ራያን ከሰሌዳው ፊት ተገትራ ስላገኟት ዘንቢሉን እንደያዙ ቆሙ።

ራያ የሠፈሩ ልጅ ናት። ናይሮቢ ድረስ ሄዳ ስለ ከተማ ፕላን ተምራ የመጣች፣ ከቅያሱ ጫፍ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ በልጅነቷ ምዜ ራሳቸው ቁርኣን ያስቀሯት ናት።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ምን አዲስ ሸቀጥ መጣ ብለሽ ነው ግድግዳ የምታነቢው?» አሏት።

«ደህና አደሩ አባቴ? ሸቀጥስ መጥቷል። የተሸጥነው ግን እኛው ሳንሆን አንቀርም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከምዜ ሼብዋና ቤት ጀምሮ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ያለው ረድፍ ከመኖሪያነት ወጥቶ የንግድ ቦታ እንዲሆን ተጠይቋል ይላል። መጋዘን ሊሠራ ነው። የጭነት መኪና እንዲገባ ደግሞ ቅያሱ ይሰፋል።»

«በየት በኩል ነው የሚሰፋው?»

«በእርስዎ በኩል። ግንብዎ ይፈርሳል።»

ዘንቢሉ ከእጃቸው ሲወድቅ ምዜ አልታወቃቸውም። የምዌምቤኒ ሠፈር ድመቶች ግን ወዲያው አወቁ።

ምዜን ያስደነገጣቸው የድንጋዩ ነገር አልነበረም። ሚስታቸው ቢ ሩቂያ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ያለ መሪ የሚሄዱባት መንገድ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ይህች ቅያስ። እጃቸውን በግንቡ ላይ እያስኬዱ ከቤታቸው ወደ እህታቸው ቤት፣ ከዚያም ወደ ጉድጓዱ ብቻቸውን ይመላለሳሉ። መንገደኛውን ሰላም ይላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የማንንም ክንድ አይለምኑም። ግንቡ ፈርሶ የጭነት መኪና ከገባ ግን ለቢ ሩቂያ ከአልጋና ከወንበር ሌላ የሚሄዱበት አይኖራቸውም።

«ይኼማ ስህተት ነው» አሉ ምዜ ነፍሳቸው መለስ ስትል። «ሼብዋና መጥቶ ጠይቆኛል እኮ። ደጄ መደቡ ላይ ተቀምጠን፣ እዚህ መጋዘን ቢሠራ ምን ትላለህ አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«ምን ብለው?»

«ምን እላለሁ? ዝም አልኩታ።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይስቅ አደራ። በምዌምቤኒ ሽማግሌዎች ዘንድ የተከበረን ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት በሰው መካከል ገፍትሮ እንደ መጣል ነው። ጠያቂ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ካልፈለገ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶም ስለ ነፋሱ ወይም ስለ ዓሣው ወሬ ያነሳል። ጠያቂውም ነገሩ ይገባውና ቡናውን ጨርሶ ሳይቀየም ይሄዳል። ስንት የጋብቻ ጥያቄ በዚህ ዓይነት ያለ ጠብ ተመልሷል። ጨዋ ልማድ ነው። ክፉው ነገር፣ ልማዱን የማያውቅ ሰው መሐል ሲገባ ነው።

«አባቴ፣ በማዘጋጃ ቤት አሠራር ሰሌዳው ተሰቅሎ ሳለ ምንም ያልተናገረ ጎረቤት ተስማምቷል ነው የሚባለው» አለች ራያ።

ምዜ እንደ አዲስ ደነገጡ። «ዝም ያለ ሰው?»

«አዎ፣ ዝም ያለ ሰው።»

«እንግዲያው ከመስጊዱ ኋላ የተቀበሩትም ሁሉ ተስማምተዋላ። ከእነሱ የበለጠ ዝም ያለ ማን አለ?»

«እነሱስ ሰሌዳውን ቢያዩት ምን እንደሚል ይጠይቁ ነበር። እርስዎ ግን ዘንቢል ሰቀሉበት።»

ምዜ ተናደዱ። የተናደዱት ግን በልጅቷ ነበር፤ እውነት የነገረንን ሰው መቆጣት ሁልጊዜም ይቀናናል።

«ስሚ ልጄ» አሉ ኮፍያቸውን አስተካክለው። «ምን አድርግ ነው የምትይኝ? እኔና ሼብዋና በአንድ ጀልባ ላይ ነው ያደግነው። አባቴ ሲሞት መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው። ዛሬ ተነሥቼ መንግሥት ፊት ላቁመው? ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ቢሮ አይሄድም። ነገር ካለ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው።»

«መደቡ ላይማ ተቀምጠው ነበር። ምን ተገኘ?»

«ምላስሽ ናይሮቢ ሄዶ ሰልቶ መጣ።»

«እርስዎ ነዎት የሳሉት አባቴ፤ ቁርኣን ሲያስቀሩን ያልገባው ይጠይቅ ይሉን ነበር» አለች ራያ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «መጠየቅ እኮ መክሰስ አይደለም። ሐሙስ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነዋሪው ሐሳቡን እንዲሰጥ ተጠርቷል። መኪናው የት ይዞራል? የመጋዘኑ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል፣ ወደ ጉድጓዳችን ነው ወይ? ግንቡ የሚፈርስበት ሰው ፈቅዷል ወይ? ይህን መጠየቅ ምኑ ነው ጠላትነቱ?»

«አባቶቻችን ነጋዴዎች ነበሩ። እኛ ንግድን ጠልተን የት ልንደርስ ነው?»

«ማን ጠላ? እኔን እናቴ ደጃፏ ላይ ማሃምሪ ብስኩት ጠብሳ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ልብስ ሰፊው እዚሁ አለ፤ ባለ ሐልዋው እዚሁ አለ። እሱ ከእኛ ጋር የሚያድር ንግድ ነው። ይኼኛው እኛን አስወጥቶ የሚያድር ነው። አንዴ ረድፉ የንግድ ነው ከተባለ ደግሞ ነገ ሌላው ከዚህ የባሰ ቢያመጣ በምን አፋችን እንከለክለዋለን?»

«በይ አንቺው ሂጂና ተናገሪ። የተማርሽው አንቺ።»

«እሄዳለሁ። ግን የእኔ ቤት ከጫፍ ነው። ግንብ ለግንብ የሚነካካው የእርስዎ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚሰሙት እርስዎን ነው።»

ምዜ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተውም ነፋሱ ሊዞር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ራያም የሠፈሩ ልጅ ናትና ገባት፤ እጃቸውን ስማ ሄደች።

ባዶውን ዘንቢል ይዘው ሲገቡ ቢ ሩቂያ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቋቸው።

«ዓሣ ዓሣ ሳትሸት መጣህ» አሏቸው።

«ድመት በላው።»

«ከራያ ጋር ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ።» ቢ ሩቂያ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ባለፈው ሰዎች መጥተው ግንቡን ሲለኩ ሜትራቸው እጄን ነካኝ። ምንድን ነው ልጆቼ ብላቸው፣ መንገድ ልንሠራ ነው እናታችን አሉኝ። እኔም መረቅኋቸው፤ አላህ እጃችሁን ይባርከው አልኩ። የራሴን ግንብ እንዲያፈርሱ ነው ለካ የመረቅኋቸው?» «ሼብዋና ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

«ዝም አልኩት። ገብቶታል።»

ቢ ሩቂያ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እንዲህም አሉ፦

«ዓይኔ ሳይጠፋ ዝምታህን አውቀው ነበር። ቅንድብህን አይቼ ተቆጥቷል፣ አዝኗል፣ ደስ ብሎታል እል ነበር። ዛሬ ዝም ስትል ለእኔ ምንም የለም። ተኝተህ ይሁን ተቀይመህ፣ ወይ ጥለኸኝ ወጥተህ ይሁን አላውቅም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ እፈራለሁ።»

ምዜ ክው አሉ። የሰሌዳው ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀለለባቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር አርጅተው፣ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፣ ጨዋ ባል ነኝ ሲሉ፣ ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይፈሩ ኖረዋል።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» አሉ።

«እኔም ዝም አልኩ። ዝምታን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?» አሉ ቢ ሩቂያ። «ያ ቢሮ ደግሞ እንደ እኔው ነው አቱማኒ። ቅንድብህን አያይልህም። ተናገርልኝ።»

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሼብዋና ነጭ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሹም ከሌላ አገር የመጣ፣ ፊቱ ፍሥሕ፣ ክፋት የሌለበት ጎልማሳ ነበር። ራያ ተነሥታ ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ አቀረበች። ሹሙም በትሕትና ካዳመጣት በኋላ፣ «ጥሩ ነው እህቴ፤ የአንቺ ቤት ግን ራቅ ያለ ነው። ከቦታው ጋር የሚዋሰኑት ጎረቤቶችስ ተቃውሞ አላችሁ?» ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

አዳራሹ ጸጥ አለ።

ምዜ ዘወር ብለው አዩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን አቅንተው፣ በትራቸውን ጨብጠው፣ ዝም ብለዋል። ባለ ሐልዋው ዝም ብሏል። የመስጊዱ ኢማም ዝም ብለዋል። ሠፈሩ በሙሉ አንድ ልብ ሆኖ፣ በሙሉ ክብሩ፣ እምቢ እያለ ነበር።

ሹሙ ደስ አለው። «አመሰግናለሁ። እንዲህ የተስማማ ሠፈር አይቼ አላውቅም» አለ።

ከኋላ የአንዱ በትር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቤት በላዩ የተናደበት ሰው መልክ ነበራቸው። ምዜ አቱማኒ ተነሡ።

«አልተስማማንም» አሉ።

ሹሙ ብዕሩን አነሣ። «ምን አሉ አባቴ?»

«አልተስማማንም አልኩ። የሼብዋና የግንብ ጎረቤት እኔ ነኝ፤ አልፈቀድኩም። ባለቤቴ ዓይነ ስውር ናት። ያን ግንብ ይዛ ነው የምትሄደው። ግንቡን አፍርሳችሁ መኪና ስታስገቡ እሷን የት ልታደርጓት ነው? ፍሳሹስ ጉድጓዳችን ቢገባ ውሃውን ማን ይመልስልናል? የልጅቷን ጥያቄ ራቅ ያለ ነው ብለህ አልፈኸዋል። እኔ ቅርብ ነኝ፤ ለእኔ መልስልኝ።»

ሼብዋና ፊታቸው አመድ መሰለ። «አቱማኒ፣ በሰው ፊት?»

«በመደቡ ላይ ነግሬህ ነበር ወንድሜ። አልገባህም ነበር?»

ሼብዋና መሬት መሬት አዩ። የሰው ዓይን ሁሉ በእሳቸው ላይ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ገብቶኝ ነበር። እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት። ማዘጋጃ ቤት፣ ጎረቤት ተቃወመ ወይ ሲሉኝ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም አልኳቸው። አልዋሸሁም።»

ከዚያ ቀን ድንጋጤ ሁሉ ይህ ባሰ። ኢማሙ ሳይቀሩ አፋቸውን ያዙ። የዝምታ ልማድ እኮ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ የሚሸከመው ጆንያ ነው፤ አንዱ ሆን ብሎ ከለቀቀው እህሉ መሬት ነው። ክብር ያለው ሰው ክብሩን የሚጠብቅለት ወዳጅ ያስፈልገዋል፤ ወዳጁን ትርፍ ሲያባብለው ግን መድኃኒቱ አፍን መክፈት ብቻ ነው።

ባለ ሐልዋው ተነሣ፤ ልብስ ሰፊው ተከተለው፤ ኢማሙም ስለ ጉድጓዱ ጠየቁ። ሹሙ ሲጽፍ ዋለ። አንዳንዶቹ ባለፈው ዓመት ለመናገር ያፈሩትን ሁሉ ያን ዕለት ተናገሩት፤ የመጋዘኑን ነገር ያልነካም ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ረድፉ መኖሪያ እንደሆነ እንዲቀጥል፣ ሼብዋናም ቢፈልጉ በትልቁ መንገድ በኩል ሱቅ ብቻ እንዲከፍቱ አለ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ጥቅሙን ቆጥሮ ማየት የአንባቢ ነው። ጉድጓዱ ንጹሕ እንደሆነ አለ። ቢ ሩቂያ እጃቸውን በግንቡ ላይ አድርገው እየቀለዱ ይሄዳሉ፤ ቤት ውስጥም ባላቸው ሲቆጡ «ተቆጥቻለሁ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። አዲስ ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ጮክ ብሎ ያነብበዋል፤ የሚፈልግ እፈልጋለሁ፣ የማይፈልግ አልፈልግም ይላል። ሽማግሌ አልተዋረደም፤ ወጣትም አልባለገም። የአባቶች ጨዋነት እንዳለ ነው፤ ቃል ተጨመረበት እንጂ ምንም አልጎደለበት።

ሼብዋና ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ወደ ምዜ ደጃፍ ዝር አላሉም ነበር። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መጥተው ከመደቡ ፊት ቆሙ። የተቀመጡት ሁሉ ወሬ አቆሙ።

«ልቀመጥ?» አሉ።

የምዜ አንደበት በልማዱ ተሳሰረ። ሼብዋና ጥቂት ጠበቁ። የዝምታውን ትርጉም ያውቃሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመሄድም ዞሩ።

«ተቀይሜሃለሁ» አሉ ምዜ ከኋላቸው። «ገና አልወጣልኝም። ግን ተቀመጥ።»

ሼብዋና ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ፤ ፊታቸውንም በመዳፋቸው ሸፍነው «በድዬሃለሁ» አሉ።