ስድስት እግር ተኩል

ሁዳዴ ነው፤ አውቶቡሳችን ጎማ ሊቀይር ፍኖተ ሰላም ቆመ። ምግብ ቤት ብገባ ድስት ሲከፈት አየሁ። ከሽምብራ ዱቄት የተሠሩ ትንንሽ ዓሣዎች በርበሬው ውስጥ ይዋኛሉ! አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ያቅርቡልኝ» ብዬ ለባለምግብ ቤቷ የእጅ ሰዓቴን አሳየኋቸው። ድስቱን መልሰው ከደኑት። «እኛ ጾም የምንፈታው በጥላ ነው ልጄ። ጥላህ ሰባት እግር ካልሞላ አላቀርብም።»

ወጥቼ ፀሐይ ላይ ስቆም፣ ደጅ የተቀመጡ አንድ ረጅም መርጌታ ፈጥነው ተነሡና የጥላዬን ጫፍ በመቋሚያቸው ምልክት አደረጉልኝ። ተረከዜን ከጣቴ እያገጣጠምኩ ስለካው ስድስት እግር ተኩል ሆነ። መርጌታ ሹሉን ጫማዬን አይተው፣ «አውልቀው እንጂ! የጾመው እግርህ ነው፤ ጫማህ ምን አገባው?» አሉኝ። በባዶ እግሬ ለካሁት፤ ሰባት ሞላ!

ድስቱ ተከፍቶ፣ መርጌታ ባርከው አብረን ስንቆርስ፣ ይህ ሁሉ ደግነት ለእኔ ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። ትልቁን ዓሣ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔ እግር ትልቅ ነው፤ ሁለቴ ለክቼ ስድስት ተኩል ላይ ቀረብኝ። ትንሽ እግር ያለው መንገደኛ ስጠብቅ ነው የቆየሁት» አሉኝ።